ባለጨውና እህቱ

ሰውየውን አልወደውም። ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና ልገላገል፤ በኋላ «ቂም ይዛ ነው» የሚል ሰው ከመጣ ድካሙን ልቀንስለት ብዬ ነው። ብጠላውም ግን አልዋሽበትም። ለሱ ውሸት አያስፈልግም፤ እውነቱ ራሱ ይበቃዋል።

«ባለጨው» እንለዋለን፤ ስሙ እንዴት እንደወጣለት እመጣበታለሁ። ሥራው የፕሮቲን ክሪስታል ማብቀል ነው። ለማያውቀው ላስረዳ። ፕሮቲን በሰውነት ውስጥ ሥራውን ሁሉ የሚሠራ፣ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ ደቃቅ ነገር ነው። ቅርጹን ማወቅ የፈለገ ሰው በኤክስሬይ ይመታዋል፤ ለብቻው የሚንሳፈፍ ፕሮቲን ግን ለጨረር አይመችም። እልፍ አእላፍ ሆነው፣ አንዱ ካንዱ ጎን በሥርዓት ተሰልፈው ሲቆሙ፣ ማለትም ክሪስታል ሲሆኑ ነው ጨረሩ ጉዳቸውን የሚያወጣው። ፕሮቲን ደግሞ በትእዛዝ አይሰለፍም። ጨው ይፈልጋል፤ የትኛውን ጨው? አሲድነት ይፈልጋል፤ ምን ያህል? ብርድ ይሻለዋል ወይስ ሙቀት? ይህን አስቀድሞ የሚነግር መጽሐፍ የለም። እየቀላቀሉ ማንጠባጠብ፣ ጠብታዋን ከመስታወት ስር አንጠልጥሎ መጠበቅ ነው። ብዙዎቹ ጠብታዎች እንደ ጠሩ ይቀራሉ፤ ሌሎቹ ይደፈርሱና ዝቃጭ ይሆናሉ። ክሪስታል የምትሆነው ከስንት አንዷ ናት።

እኔ በዚያ ቤት ጨዎቹንና አሲዶቹን መዝኜ እበጠብጣለሁ። የሚሠራበትን ጠርሙስ ሁሉ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን «እጅሽ ይባረክ» ያለኝን አላስታውስም።

ክፍሉ ከኮሪደሩ መጨረሻ ያለች፣ መስኮት የሌላት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። በሯ ላይ «አትንኩ» ብሎ ለጥፏል። ከስሩ «በሩን በቀስታ»፣ ከዚያም ስር «ተረከዝ ያለው ጫማ ክልክል ነው»። ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ እግሮቹ ስር ጎማ አድርጎላቸዋል፤ ጠብታ ሲነቃነቅ ክሪስታሉ ይበላሻል ባይ ነው። አልዋሸም፣ አንዳንዴ ይበላሻል። እኛ ግን በዚያ ኮሪደር ላይ እንደ ሌባ በጣታችን ጫፍ እየሄድን ኖርን። አንድ ጊዜ ከበሩ ፊት ለፊት አስነጥሼ ራሱን ብቅ አድርጎ «ሌላ ቦታ ማስነጠስ አትችዪም?» ብሎኛል። ሌላ ቦታ ሄጄ አስነጠስኩ።

እህቱን ወደዚህ ሥራ ያመጣት እሱ ነው። አባታቸው ቀድሞ ሞቶ፣ እናታቸው የሰው ልብስ እየሰፋች ነው ያሳደገቻቸው። እሱ የሄደበትን ትምህርት ቤት ተከትላ ሄደች፣ እሱ የተማረውን ተማረች፤ መጨረሻ ላይ እሱ ከሚሠራበት ቤት ገባች። የሷ ሥራ ፕሮቲኑን ማዘጋጀት ነው። ባክቴሪያ ውስጥ ታሳድገዋለች፣ ከዚያ ባክቴሪያውን ሰባብራ የምትፈልገውን ከሌላው ግሳንግስ ሁሉ ትለያለች፤ አጥርታ፣ ደግማ አጥርታ በትንሽ ቱቦ ታስረክበዋለች። በገባች ሰሞን «ጋሼ» ስትለው ከአፏ ማር ጠብ ይል ነበር። እሱም «የእህቴ እጅ ወርቅ ነው» እያለ ባገኘው ሰው ፊት ይኩራራባት ነበር።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። የነሱ እናት ሆድ ግን ዥንጉርጉር አልነበረም፤ አንድ ዓይነት እልኸኛ ሁለት ጊዜ ነው የወለደችው። ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

አንድ ዓመት ባለጨው፣ ያኔ ገና ባለጨው ሳይባል፣ ክሪስታል አበቀልኩ ብሎ አወጀ። በሳምንታዊው ስብሰባ ማይክሮስኮፑን ከትልቁ ስክሪን ጋር አገናኝቶ አሳየን። ክሪስታሉ ጠርዙ የተሳለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ያማረ ነገር ነበር። ኃላፊያችን አጨበጨበ፣ እኛም አጨበጨብን። ኃላፊው ለማንም ክፉ የማይናገር፣ በዚያው ልክ ለማንም ደግ የማይሠራ ሰው ነው፤ ማጨብጨብ ግን ይወዳል።

ጭብጨባው ሳያባራ እህትየው ተነሳች።

«ጋሼ፣ በመርፌ ነክተኸዋል?»

«ምን ለማለት ነው?»

«ሳትነካው ነው የጠራኸን?»

የፕሮቲን ክሪስታል አብዛኛው ውሃ ስለሆነ በመርፌ ጫፍ ሲነካ እንደ ለስላሳ አይብ ይፈረፈራል። ጨው ግን ይታገላል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ጨው ራሱ ደግሞ ጠብታ ውስጥ ክሪስታል ይሠራል፤ እንዲያውም ከፕሮቲኑ ይልቅ የሚያምረው እሱ ነው። መርፌውን ከእጁ ተቀበለችና ዝቅ ብላ ነካችው። ሁላችንም በስክሪኑ እያየን ክሪስታሉ ወደ ጎን ተስፈነጠረ፤ ተከትላ ስትጫነው ለሁለት ተሰነጠቀ።

«ጨው ነው» አለች፤ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄዳ ቦታዋ ተቀመጠች።

ትክክል ነበረች። ጨካኝም ነበረች። ከስብሰባው በፊት ክፍሉ ገብታ ልትነግረው ትችል ነበር፤ በሰው ፊት መረጠች። ለምን ብዬ ጠይቄያታለሁ። «እሱ ሰው አይሰማም፤ ሰው ሲስቅበት ብቻ ነው የሚሰማው» ብላኛለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ባለጨው ሆነ። ጥበቃው ሳይቀር በር ሲከፍትለት «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» እያለ ያሾፍበት ጀመር። እሱ ምላሹን ዋጠና ቂሙን አሳደገ።

ዓይንና ናጫ ሆኑ። «ጋሼ» ቀረ፤ «ሰውየው» ተተካ። እሱም «ያቺ» ይላታል። አንድ ፍሪጅ ይጋራሉ፤ እሷ ቱቦውን መደርደሪያው ላይ ታስቀምጣለች፣ እሱ ስትወጣ ጠብቆ ይወስዳል። መነጋገር ሲኖርባቸው ድልድዩ እኔ ነኝ። ሁለቱም ከፊቴ ቆመው «ለሱ ንገሪው፣ ክሪስታል የሚበቅለው በጸሎት አይደለም» ትላለች። «ለሷ ንገሪያት፣ ቆሻሻ ሰጥታኝ ከቆሻሻ ወርቅ አላወጣም» ይላል። እኔም «ሰምታችኋል» እላቸዋለሁ። ጠብታ በደፈረሰ ቁጥር ጥፋቱ የሷ ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲኑ ንጹሕ በሆነ ቁጥር ጥፋቱ የሱ ቅመማ ነው። በዚህ መሀል ሥራ መሠራቱ ይገርመኛል።

ከዚያ የሳንባ በሽታ ከሚያመጣ ጀርም የተገኘ አንድ ፕሮቲን መጣ። ኃላፊው ሌላ ከተማ ካለው ትልቁ የጨረር ማሽን ላይ ተራ አግኝቶለት ነበር፤ እንዲህ ያለ ተራ በቀላሉ አይገኝም። ባለጨውን ጠርቶ በለሰለሰ ድምፁ ነገረው። ለተራችን ክሪስታል ካልደረሰ ተራው ለሌሎች ይሰጣል፤ የሱም ክፍል የፍሪጅ ማስቀመጫ ይሆናል፤ እሱ ራሱ ወደ ዕቃ ክፍል ይዛወራል።

«ዕቃ ክፍልም ሥራ ነው» አለው ኃላፊው።

ባለጨው ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። አላዘንኩለትም ብል ውሸት ነው። ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም፤ ያለው ያቺ መስኮት የሌላት ክፍል ናት። እዚያ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ጠብታ ሲያይ ፊቱ ሌላ ሰው ይመስላል። ክፍሉን ቢነጥቁት የሚቀረው ክፋቱ ብቻ ነው።

እናታቸው የታመመችው በዚሁ ሰሞን ነው። እኔና እህትየው ጎረቤት ነን፤ አንድ ፎቅ ላይ በር ለበር። እናትየው ልቧ ደክሞ ትንፋሽ ሲያጥራት እህትየው ሥራ ላይ ነበረች፤ ስልክ ተደውሎላት የያዘችውን ጥላ ሮጠች። ሆስፒታል አስተኟት። ከዚያ በኋላ እህትየው አልጋው ስር እያደረች፣ እኔ ልብስና ምግብ እያመላለስኩ ሰነበትን።

ባለጨው አንድ ቀን መጣ። በር ላይ ቆመ። እህትየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የእናቷን ከንፈር በእርጥብ ጨርቅ ታረጥባለች።

«ሐኪሙ ምን አለ?» አለኝ፤ እኔን።

«ለውጥ አላት ብሏል።»

የብርቱካን ፌስታሉን መስኮቱ ላይ አኖረ፣ የእናቱን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ነካ አደረገና ወጣ። እናትየው በዓይኗ እስከ በሩ ሸኘችው። ተከትዬው ኮሪደሩ ላይ ደረስኩበት።

«ትንሽ ቁጭ ብትልስ?»

«ያቺ እያለች አልቀመጥም።»

«ለሷ ሳይሆን ለእናትህ።»

«ጠብታዎቼን ማየት አለብኝ» አለና ሄደ። ሁለተኛ አልመጣም። እናትየው ተሻላትና ወደ እህትየው ቤት ገባች፤ እሱ ግን እህቱ ቤት እግሩን አላነሳም።

እህትየው ወደ ሥራ ስትመለስ የሰጠችው ቱቦ ነበረ። በዚያው ሰሞን፣ የናቱ ጤና መለስ ባለ ማግስት ልበል፣ ባለጨው ከክፍሉ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ፈገግ ሲል አየሁት። ደነገጥኩ። ክሪስታል በቅሎለታል። እንደ ደቃቅ አሸዋ ጥቃቅን ናቸው፣ ግን በመርፌ ነክቷቸዋል፤ በሩን ዘግቶ፣ ብቻውን። ተፈርፍረዋል። ፕሮቲን ናቸው።

ለጨረሩ ግን በጣም ያንሳሉ። ትልልቅ ማብቀል አለበት። ያንኑ ጨው፣ ያንኑ አሲድነት፣ ያንኑ ብርድ ይዞ በአዲስ ቱቦ ደገመው። ምንም የለም። እንደገና ደገመው። ምንም። መጀመሪያ የከሰሰው እኔን ነው፤ «ጠርሙሱን ሌላ አደረግሽው» ብሎ። ከፊቱ ቆሜ አዲስ በጠበጥኩለት፤ ምንም። ቀጥሎ ጽዳት ሠራተኛዋን ከሰሰ፣ ባልዲ ጎትታለች ብሎ። ከዚያ አየር ማቀዝቀዣውን። የሚከሰስ ነገር ሲያልቅበት ወደ ለመደው ተመለሰ።

«ለሷ ንገሪያት፣ ፕሮቲኑ ቆሻሻ ነው።»

እህትየው ይህን ስትሰማ አንድ ዙር ጨምራ አጠራችው። ክሪስታል አልመጣም። «አሁንም ቆሻሻ ነው» አለ። ሌላ ዙር ጨመረች፤ ቆራጭ ኢንዛይሞችን የሚያደነዝዘውን መድኃኒት እጥፍ አደረገች። የምትሰጠው ፕሮቲን ከዚያ በፊት ከታየው ሁሉ የጠራ ሆነ፤ የሱ ጠብታ ደግሞ ከታየው ሁሉ የባሰ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እነዚህ ሁለቱ በየተራ ዋጡ። የጨረሩ ተራ ግን እየቀረበ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለጨው ትንሽ ቱቦ ይዞ እህቱ ጠረጴዛ ፊት ቆመ። እኔ ሚዛኑ ጋ ነበርኩ፤ ማንኪያውን አስቀመጥኩ።

«ይኼን በጄል እዪልኝ» አላት። በቀጥታ ሲያናግራት ከጨው ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

«ምንድነው?»

«ክሪስታሎቹ። አጥቤ አሟሟኋቸው።»

«ስንቶቹን?»

«ሁሉንም።»

ቀና ብላ አየችው። የሟሟ ክሪስታል አይመለስም፤ ያለውን ማስረጃ ሁሉ አፍርሶ ጠላቱ እጅ ላይ ማኖሩ ነው። አልሳቀችበትም። ቱቦውን ተቀበለችው።

ጄል ማለት ፕሮቲኖችን በመጠናቸው የሚለይ እንደ ረጋ ሙጫ ያለ ሰሌዳ ነው፤ ትልቁ ከላይ ይቀራል፣ ትንሹ ወደ ታች ይወርዳል። እህትየው የጠራውን ፕሮቲኗን ባንድ በኩል፣ የክሪስታሎቹን በሌላ በኩል አደረገች። ቀለሙ ሲወጣ ሁለቱም ሰሌዳው ላይ አጎነበሱ፤ ትከሻቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው። የሷ ፕሮቲን ከላይ ቀርቷል። የክሪስታሎቹ ወደ ታች ወርዷል።

እህትየው ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«ተቆርጧል» አለች።

ነገሩ ወዲያው ነው የገባን። ያ ፕሮቲን ጫፉ ላይ የሚወናጨፍ ጭራ አለው፤ ጭራው እየተወናጨፈ አያሰልፈውም። ከባክቴሪያው የተረፉ ቆራጭ ኢንዛይሞች በመጀመሪያው ቱቦ ውስጥ ጭራውን ቆርጠውለታል፤ የተከረከመው ፕሮቲን ተሰለፈ። ከዚያ በኋላ እሷ ቆራጮቹን አንድ ሳታስቀር ስታጠፋቸው ጭራው በቦታው ቀረ።

«ምን አድርገሽው ነበር?» አላት።

«የመጨረሻውን ማጣሪያ አላደረግኩለትም፤ መድኃኒቱንም አልጨመርኩም። ፍሪጅ ውስጥ ትቼው ሄጄ ነበር።»

«ቆሻሻ ነበር ማለት ነው» አለ፤ ከንፈሩ ሲጣመም አየሁት። ያ ፈገግታ ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ቆሞ ተናገረ። ይህን ቀን ምን ያህል ሲጠብቀው እንደኖረ ከአነጋገሩ ያስታውቃል፤ ቃላቱን እያጣጣመ ነው የሚያወጣቸው። «የመጀመሪያው ፕሮቲን ያልጠራ ነበር። አዘጋጇ ሥራዋን ሳትጨርስ ፍሪጅ ውስጥ ትታዋለች። የመጨረሻው ማጣሪያ አልተደረገም፤ መድኃኒቱም አልተጨመረም። ለኔም ይህን ሳትነግረኝ እንደ ንጹሕ ሰጥታኛለች።» አዳራሹ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

ኃላፊው ግን ደስ አለው። «ግሩም ነው» አለ። «ታዲያ እንደሱ አድርገን እንድገመው። ፍሪጅ ውስጥ ስንት ቀን ቆየ?»

ቁልፉ ይኸው የቀኑ ቁጥር ነበር። ቀኑ ካነሰ ጭራው አይቆረጥም፤ ከበዛ ቆራጮቹ ገላውን ይበሉታል። ጨውም አሲድም ብርድም ታውቀዋል፤ የጎደለው ይህ ብቻ ነው።

እህትየው ተነሳች። 

«እውነት ነው፣ አላጠራሁትም። እማዬ ሆስፒታል የገባች ጠዋት ፍሪጅ ውስጥ ጥዬው ሄድኩ። ከሆስፒታል ወደ ቤት የወሰድኳት ዕለት ከሰዓት መጥቼ አወጣሁት። መጣል ነበረብኝ፤ ሌላ ለመሥራት አቅም አልነበረኝም።»

«ስንት ቀን ማለት ነው?» አለ ኃላፊው።

ወንድሟን አየችው።

«እሱ ይንገርዎት። እናቱ ናት።»

ሰው ሁሉ ወደ ባለጨው ዞረ። አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ አላውቅም ማለት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉ የለ።

«አውቃለሁ» አለ።

«በጣም ጥሩ» አለ ኃላፊው፤ ስብሰባውም ተበተነ።

እህትየው በትእዛዙ መሠረት ፕሮቲኑን እንደ ያኔው አበላሽታ አዘጋጀችው። ባለጨው ገምቶ አወጣው፤ ጠብታው እንደ ጠራ ቀረ። ቀን ጨምሮ ሞከረ፤ ደፈረሰ። መሀል ያለውን ለመገመት ግን የቀረው ፕሮቲን ለአንድ ሙከራ ብቻ የሚበቃ ሆነ። ያለችውን አካፍሎ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንዳይሞክር፣ ብትከፈል ለጨረር የሚሆን ክሪስታል አይወጣትም። ሌላ ለማሳደግ ደግሞ ተራው አይጠብቅም።

እኔ ጋ መጣ። በሩን በቀስታ ዘጋው፤ ልማድ ነው።

«አንቺ ታውቂዋለሽ» አለኝ። «ምግብ ታመላልሺ ነበር።»

«አውቀዋለሁ።»

«ንገሪኝ እንግዲህ።»

«እኔ ልጇ አይደለሁም» አልኩት።

ዓይኑ ደም ለበሰ። የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር፤ አልሰደበኝም። ለእህቱም ሄዶ አልለመነም፤ በሰው ፊት «አውቃለሁ» ያለበትን አፍ ይዞ እንዴት ይሄዳል። አሁን ድረስ «ምን ነበረ ብትነግሪው» የሚሉኝ አሉ። ዛሬ ቢጠይቀኝም መልሴ ያው ነው።

ክሪስታሎቹ በኋላ በቅለዋል። አምረው፣ ተልቀው፣ ጨረሩም መትቷቸው የፕሮቲኑ ቅርጽ ታውቋል፤ ክፍሉም እስከ ዛሬ የሱ ነው። ይህን አሁን የምናገረው አንባቢ ስለ ክሪስታሉ እንዳይጨነቅ ነው። የሚያስጨንቀኝ ሌላው ነው።

እኔ ጋ በመጣበት በዚያው ሳምንት፣ ከሥራ መልስ፣ እህትየው ቤት ነበርኩ። እናትየው አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ የልብስ ቁልፍ ትተክላለች፤ ዓይኗ ስለደከመ መርፌው ላይ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ። በር ተንኳኳ። እህትየው ከፈተች። ባለጨው ቆሟል። እህትየው ግባም አትግባም አላለችው፤ በሩን እንደተከፈተ ትታለት ወደ ማእድ ቤት ሄደች።

እናትየው ስታየው ጨርቁ ከእጇ ወደቀ።

«ማነው? አንተ ነህ? ና፣ ና እስቲ፣ ና ቁጭ በል።» ልትነሳ ሞከረች፤ ትራሱን አስተካከልኩላት። የአልጋውን ጫፍ በመዳፏ ደባበሰችለት፤ ተቀመጠ።

«እንዴት ነሽ እማዬ?»

«ደህና ነኝ። አሁንማ ደህና ነኝ። ከስተሃል።»

«አልከሳሁም።»

«ከስተሃል። አይደል እንዴ ከስቷል?» አለችኝ፤ ከስቷል አልኳት።

እጁን ያዘችው።  ከዚያ እሱ ወለሉን እያየ፣ «ሆስፒታል ብዙ ቆየሽ አይደል?» አላት።

የእናትየው ፊት ሲበራ አየሁ። ማንም ጠይቋት አያውቅም እኮ፤ እኛ አብረናት ስለነበርን አንጠይቃትም። ቁጭ ብላ ነገረችው። የመጀመሪያውን ቀን ትንፋሿ እንዴት እንደተቋረጠ፣ አፏ ላይ ያደረጉላት ነገር እንዴት እንዳፈናት፣ አጠገቧ የተኛችው ሴት እንዴት እያንኮራፋች እንዳስቸገረቻት፣ ወጣቱ ሐኪም እንዴት «እናቴ» ብሎ እንደሚጠራት። እየሳቀች ነው የምትነግረው። እሱ አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማል፤ የሚጠብቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም አይመጣለትም።

«ለመሆኑ ስንት ቀን ነበር?» አላት፤ መሀል ላይ ገብቶ።

«ኧረ ብዙ ነው። አንድ ቀን ደግሞ እንዲህ ሆነልህ፣ ያቺ የምታንኮራፋዋ...»

«ቀኑ ግን፣ እማዬ። በትክክል ስንት ነው?»

እናትየው ንግግሯን አቆመች። እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ተመልሳ እሱን አየችው። እናት ናት፤ ሃያ ጊዜ አይነገራትም።

«ለምን ፈለግኸው?»

መዋሸት ይችል ነበር። «ስላሰብኩሽ ነው» ቢላት ታምነዋለች፤ ማመን ፈልጋ ታምነዋለች። ይህን እንኳ አላደረገላትም። ወይም መዋሸት አሳፍሮት ይሆናል፤ አላውቅም፣ ስለሱ ደግ ማሰብ ይከብደኛል።

«ለሥራ ነው» አላት። «ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ነበር። አንቺ የገባሽ ቀን ገብቶ፣ የወጣሽ ቀን ነው የወጣው። ቀኑን ካላወቅሁ ክፍሌን ይወስዱብኛል።»

ማእድ ቤት ውስጥ ይሰማ የነበረው የዕቃ ድምፅ ቆመ። እናትየው እጁን አልለቀቀችም፤ ግን መደባበሷን ተወች።

«እሷ አታውቀውም?» አለችው፤ በአገጯ ወደ ማእድ ቤት እያሳየች።

«ታውቃለች።»

«አልጠየቅሃትም?»

ዓይኑን ወደ ወለሉ መለሰ። እናትየው ቁጥሩን ነገረችው። በጣቷ አልቆጠረችም፤ ወደ ላይ አይታ አላሰበችም። ዝም ብላ፣ የልጆቿን ዕድሜ እንደምትናገር ነው የተናገረችው።

«እርግጠኛ ነሽ?» አላት።

«የተኛ ሰው ሌላ ምን ሥራ አለው? በሩን እያየሁ ነው የቆጠርኩት።»

ከደረት ኪሱ ብዕር አውጥቶ መዳፉ ላይ ጻፈው። ተነሳ። ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት፤ እሷም አልከለከለችውም። እህትየው ማእድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሳያያት አለፈ። በሩ ጋ ሲደርስ እናትየው ጠራችው።

«አንተ ልጅ።»

ዞረ።

«አንተ የመጣህበትን አንድ ቀንም ቆጥሬዋለሁ። ለሥራህ የማይሆን ከሆነ ቀንሰው።»